ያልተወለወሉት ጡጦዎች

ውድ ሳቂታ፣

ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ሳትከፍቺ ልትጥዪው እንደምትችዪ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰላምታውን ወደ ኋላ አቆይቼ ዋናውን ነገር እዚሁ መግቢያው ላይ አኖረዋለሁ። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት በሕፃናት ማሳደጊያው ወተት ክፍል ውስጥ ትክክል የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አሁን ብትፈልጊ ወርውሪው።

ካልወረወርሽው ግን ወንበር ሳቢና ተቀመጪ። ቤትሽ ውስጥ የአራት ወር የልጅ ልጅ እንዳለችሽ፣ ጡጦዋን ለመንካት ግን እንደምትፈሪ እህትሽ ነግራኛለች። ነገሩ ይቅርታ መለመን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳምንት ቢቆይም አይጎዳም ነበር። የምቸኩለው ለሕፃኗ ነው። ደግሞም አልደብቅሽም፣ ባወቅሁት ነገር ልቤ እንደ ልጅ እየዘለለ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደስታና እንዲህ ያለ ሀፍረት አንድ ላይ ይመጡብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዘንድሮ ተማሪ ሆኛለሁ። ሳቂ። በሥራ ሰዓት መሳቅ ከልክዬሽ ነበር፤ አሁን ፈቅጄልሻለሁ። ከቤቴ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ያለው የሙያ ኮሌጅ «ማይክሮባዮሎጂ ለዕለት ኑሮ፤ አሥራ ሁለት ሳምንት፤ ከሰዓት በኋላ» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፎ አየሁ። መዝጋቢው ቅጹን እያቀበለኝ ለልጄ ይሁን ለልጅ ልጄ ጠየቀኝ። ለራሴ መሆኑን ስነግረው የተወለድኩበትን ዓመት ሁለት ጊዜ አስደገመኝና ፊቴን አየት አድርጎ ጻፈ።

መምህርቷ ከእህቴ ልጅ ታንሳለች። እማማ ትለኛለች። ክፍል ውስጥ ተማሪ እንጂ እናት የለም፣ እንደ ሌላው ሰው በስሜ ጥሪኝ ብያት ነበር፤ «እሺ እማማ» ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረች። አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ከመድኃኒት ቤት የመጡ ሁለት ሴቶችና ከአሥር የማይበልጡ ወጣቶች አብረውኝ ይማራሉ። ወጣቶቹ ደብተር አይዙም፤ ሰሌዳውን በስልካቸው ፎቶ ያነሡታል። እኔ በማስመሪያ ኅዳግ አስምሬ በሁለት ቀለም እጽፋለሁ። እኔን ያስተማሩኝ መምህራን ጠዋት ጠዋት ጥፍራችንን በማስመሪያ ጫፍ ነበር የሚመረምሩት፤ ቀለም ያንጠባጠበች ልጅ ሙሉውን ገጽ እንደገና ትጽፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ሁሉ፣ ክፉውንም ደጉንም፣ ከዚያች ማስመሪያ ነው ያገኘሁት።

በሁለተኛው ሳምንት እርጎ አየን። ስለዚህ ቀን ቶሎ ብዬ ማለፍ አልችልም። ከጠብታ ያነሰ እርጎ መስታወት ላይ በስሱ ቀብተን አደረቅን፣ በእሳት ላይ ቀስ አድርገን አሳለፍነው፣ ሐምራዊ ቀለም አፍስሰንበት አጠብነው። ከዚያ በማይክሮስኮፑ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀጫጭን ዘንጎች በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ ክብ ክቦቹ እንደ ዶቃ ተሰካክተው ቆመዋል። ባክቴሪያ ናቸው። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ እርጎ በልቻለሁ፤ ማን እንደሚሠራው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ምን ያህል ጊዜ ጎንብሼ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ዳቦ ጋጋሪው ከኋላዬ ተሰልፎ ኖሮ፣ ሌላውም ሰው ዓይን እንዳለው አስታወሰኝ።

የሱም ተራ በቀጣዩ ሳምንት ደረሰ። እርሾ አየን፤ እንቁላል የሚመስሉ ነገሮች ከጎናቸው ትንንሽ ልጅ እያበቀሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሊጥ ያቦካ ሰው እንደ ሙሽራ አፈረ። «እነዚህ ናቸው እንዴ ሠራተኞቼ?» አለ ቀና ብሎ። «አንድም ቀን እረፍት ሰጥቻቸው አላውቅም እኮ።»

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ቤት አይደለም፤ ቤተ ሙከራ ሆኗል። ኮምጣጤው ለምን እንደሚኮመጥጥ አውቃለሁ። ማቀዝቀዣው እነሱን እንደማይገድላቸው፣ እንዲያዘግሙ ብቻ እንደሚያደርጋቸው አውቃለሁ። ከኩሽናዬ ወርዶ የሚሄደው ቆሻሻ ውኃ ከከተማው ውጭ በትልልቅ ገንዳ ውስጥ የሚጣራው በነሱ ጉልበት ነው። ቁስል የሚያመረቅዙትን የምንገድልባቸውን መድኃኒቶች እንኳ መጀመሪያ ያገኘናቸው ከሻጋታና ከአፈር ውስጥ ባክቴሪያ ነው። ልጄ በስልክ፣ እናቴ ከማይታዩ ነገሮች ጋር ማውራት ጀምራለች ብሎ ለሚስቱ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ያውራ። እኔ የሚቆጨኝ ሃምሳ ዓመት ዘግይቼ መተዋወቄ ነው።

አሁን ወደ እኔና አንቺ ጉዳይ ልምጣ።

በአራተኛው ሳምንት መምህርቷ የቤት ሥራ ሰጠችን። ከቤታችሁ እጅግ ንጹሕ ነው የምትሉትንና እጅግ ቆሻሻ ነው የምትሉትን አንድ አንድ ነገር አምጡ አለች። ከቆሻሻ ወገን የጫማዬን ሶል መረጥኩ። ከንጹሑ ወገን ለመምረጥ አላመነታሁም፤ ነጩን የወጥ ቤት ፎጣዬን አጣጥፌ ይዤ ሄድኩ። የፎጣ ነገሬን ታውቂያለሽ። ከወተት ክፍሉ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከትከሻዬ ላይ አልወረደም፤ ከኋላዬ እትዬ ፎጣ ትሉኝ እንደነበርም አውቅ ነበር።

እርጥብ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ሰጡን። አንዱን ሶሉ ላይ፣ ሌላውን ፎጣው ላይ አሻሸሁ፤ ከዚያም እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ በያዙ ሁለት ጠፍጣፋ ሳህኖች ላይ ቀባኋቸው። እያንዳንዷ በዓይን የማትታይ ባክቴሪያ በዚያ ምግብ ላይ ተባዝታ በዓይን የሚታይ ነጥብ ትሆናለች። ሳህኖቹ በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀን ቆዩ። በሦስተኛው ቀን መምህርቷ አንድ ባንድ እያነሣች ለክፍሉ ታሳይ ጀመር። አንዱ ላይ ስትደርስ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። ነጥብ የሚባል ነገር አይቆጠርበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ቢጫማ አተላ ሆኗል።

«ይሄ ደግሞ የማን ጫማ ነው?» አለች።

«ጫማ አይደለም» አልኳት። «ፎጣ ነው። የኔ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳል ያዘው። የጫማዬ ሶል ሳህን አጠገቡ ነበር፤ አሥራ ሦስት ነጥብ ነው ያለበት። ሶሉ ደረቅ ነበርና።

ሳህኖቹ ተቀያይረዋል አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጅቷን በግዴለሽነት ከሰስኳት፤ በአንቺ ላይ በተናገርኩበት በዚያው ድምፅ። እሷ ግን አልከፋትም። ፈገግ ብላ፣ «ከተጠራጠሩ ይድገሙታ፣ እማማ። ትምህርቱ እኮ እሱ ነው» አለችኝ።

ደገምኩት። በዚህ ጊዜ በጠርሙስ። ስድስት ጠርሙሶች በድስት ውስጥ በደንብ አፈላሁ። ሦስቱን በፈላ ውኃ በተቀቀለ የሽቦ መደርደሪያ ላይ ደፍቼ በራሳቸው እንዲደርቁ ተውኳቸው። ሦስቱን በፎጣዬ፣ በለመድኩት እጄ፣ ውስጣቸውንም ውጫቸውንም ወለወልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ንጹሕ ውኃ አለቅልቀን እጣቢውን በሳህኖቹ ላይ አፈሰስን። የደፋኋቸው የሦስቱ ሳህኖች እንደ መስታወት ጠርተው ቀሩ። የወለወልኳቸው የሦስቱ ግን ነጥብ በነጥብ ሆኑ። በአንድ ጊዜ የማምን ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጋገምኩት። ሦስቴም ያው ነው።

ከሦስተኛው በኋላ መምህርቷ አጠገቤ ተቀምጣ በወተት ክፍሉ እንዴት እንሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። በአንድ ፎጣ በቀን ስንት ጡጦ ይደርቅ እንደነበር ጠየቀች፤ ስልሳ አልኳት። በስንተኛው ላይ ይቀየራል አለች። ማታ ላይ፣ ሥራ ሲያልቅ ነበር የምንቀይረው። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ አስረዳችኝ፤ ማፍላቱ ሁሉን ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሞቅ ካለ፣ ከረጠበ፣ የወተት ርዝራዥ ካለበት ፎጣ የተሻለ ለባክቴሪያ ቤት የለም። ከመጀመሪያው ጡጦ የቀረውን ይዘን እስከ ስልሳኛው እናዳርሰው ነበር። እኔ ንጽሕና ብዬ ያስተማርኩት ይህን ነው።

ያን ጊዜ ነው አንቺ በሐሳቤ ፊቴ የቆምሽው። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ጡጦዎቹን ከፈላው ውኃ በመቆንጠጫ አውጥተሽ መደርደሪያው ላይ ትደፊና መስኮቱ ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ታወዛውዢ ነበር። «እትዬ፣ ሙቀቱ ራሱ ያደርቃቸው የለ እንዴ? ለምን እንለፋለን?» አልሽኝ። ስንፍና ምላስ ሲያወጣ እንዲህ ነው ብዬ ፎጣውን ወረወርኩልሽ። ሌሎቹ ሳቁ፤ አንቺም ሳቅሽ።

ከዚያ ያ የዝናብ ሳምንት መጣ። አሥራ አንድ ሕፃናት አስቀመጣቸው፣ አስመለሳቸው። አንደኛው ሦስት ቀን ሙሉ በሞትና በሕይወት መካከል ቆይቶ ዳነ። የማሳደጊያው ኃላፊ ጥፋተኛ ፈለገ፤ እኔም ጣቴን ወደ አንቺ ቀሰርኩ። የማይወለውለው ማን ነው? አንቺ ነሽ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት እጆችሽን ዘርጊ አልኩሽ። ዘረጋሽ። ገልብጬ አየኋቸው። ሳቂታ፣ ንጹሕ ነበሩ፤ ሳሙና ይሸቱ ነበር። ይህን ያኔም አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እያየሁት «እነዚህ እጆች ለሕፃን አይሆኑም» አልኩ። ሽርጥሽን ፈትተሽ፣ አጣጥፈሽ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ።

ከሙከራዬ በኋላ በወተት ክፍሉ አብራሽ ትሠራ የነበረችውን ረጅሟን ፈልጌ አገኘኋት። ከናንተ መካከል እሷ ብቻ ናት አሁን በዚህ ከተማ ያለችው፤ ጉልበቷ ታሞ ከቤት አትወጣም። ያገኘሁትን ሁሉ በዝርዝር ነገርኳት፤ ደብተሬንም አሳየኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እርስዎ በሌሉ ጊዜ ማን ይወለውል ነበርና!» አለችኝ። «ሳቂታ አስተምራን ሁላችንም እየደፋን እንተወው ነበር። ኮቴዎን ስንሰማ ነው ፎጣ የምናነሣው።»

ቁርጭምጭሚቴ ተጎድቶ ቤት የዋልኩባቸውን ሁለት ሳምንታት ታስታውሻለሽ? ያን ሰሞን የማሳደጊያው ነርስ አንድም ሕፃን እንዳልታመመ ስትነግረኝ ዕድል ነው ብያት ነበር። ዕድሉ የኔ አለመኖር ነበር። ረጅሟን ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ልቆጣ ብድግ አልኩ። ማን ይሰማናል ብለን ነው አለች፤ እኔም ወደ ተቀመጥኩበት ተመለስኩ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር አለብኝ፤ መምህርቴ ከሚታወቀው በላይ መናገርን አትወድም፣ እኔም አልወድም። በዚያ የዝናብ ሳምንት ወተቱን ያበላሸው በእርግጥ ፎጣው መሆኑን ዛሬ ላረጋግጥልሽ አልችልም። ፎጣው የለም፤ ወተቱ የለም፤ ያኔ የመረመረ ሰውም የለም። ላረጋግጥልሽ የምችለው ይህን ነው፤ እጆችሽ ጥፋተኛ መሆናቸውን ማንም አላሳየም። ስንፍና ብዬ የሰደብኩት አሠራርሽ ትክክለኛው አሠራር ነበር። የኔው ግን አደገኛ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ቆሜ ተናግሬዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ዓይኑን ጠረገ፤ መምህርቷ ቁም ነገሩን ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ልጻፈው ብላ ፈቃድ ጠየቀችኝ። የኔን ስም ሳይሆን የአንቺን ሐሳብ እንድትጽፍ ነገርኳት።

እህትሽን ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው። ከኮሌጁ ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ እንዳላት ረጅሟ ነግራኝ ሄድኩ። እኔ መሆኔን ስታውቅ የያዘችውን ደብተር ቁልል አስቀመጠችው። «አሁን ደግሞ ምኗን ሊወስዱባት መጡ?» አለችኝ። የሷ ደንበኞች እየገቡና እየወጡ፣ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ፣ ሱቁ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ።

ያኔ ነው የነገረችኝ። ልጅሽን ስትወልጂ ጡጦ በእጅሽ እንዳልነካሽ፣ ጡትሽ ሲደርቅም ያጠጣችልሽ ራሷ እህትሽ እንደነበረች ነገረችኝ። አሁን ልጅሽ ወልዳ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ሕፃኗ አንቺ ዘንድ ትውላለች፤ ወተቱን ግን ጎረቤትሽ መጥታ ነው የምታዘጋጀው። አንቺ እስከ ኩሽናው በር ድረስ ታቅፈሽ ታመጫታለሽ፤ ጡጦውን ሲያቀብሉሽ ግን እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤትሽ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ቤት ልትለቅ ነው። ልጅሽ ሥራዋን ለመተው ማመልከቻ መጻፍ ጀምራለች አለችኝ።

እዚያው የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያልኩት። አንዲት ባክቴሪያ በሳህን ላይ ወድቃ በሁለት ቀን ውስጥ ሚሊዮን እንደምትሆን ተምሬያለሁ፤ የኔ ቃል ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ነው የቆየው።

አሁኑኑ እሄዳለሁ ብዬ ተነሣሁ። እህትሽ ከለከለችኝ። «ቤቷ ድረስ አይሂዱ፤ ይጻፉላት። መጀመሪያ ግን እኔ አነበዋለሁ» አለች፤ ወረቀቱንም እሷው ሰጠችኝ። ስለዚህ ይህን የምታነቢው እሷ ፈቅዳልኝ ነው። እህትሽ ሆይ፣ ሆሄ ገድፌ ካገኘሽ አርሚልኝ።

ሳቂታ፣ አሁን አድምጪኝ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ያልኩትን በእጄ ጽፌ አንሥቻለሁ። እነዚያ እጆች ለሕፃን ይሆናሉ። ያኔም ይሆኑ ነበር። የምታደርጊውን ከኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም እጅሽ መንቀጥቀጡን እስኪተው ይህን ወረቀት ፊትሽ አኑሪው።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጡጦውንና ጫፉን በሙቅ ውኃና በብሩሽ እጠቢ፤ ከዚያ አፍዪው። መደርደሪያውንም አፍዪው። ጡጦውን በመቆንጠጫ አውጥተሽ ድፊው። አትወልውዪው። ማንም ንጹሕ ጨርቅ ይዞ ቢመጣ፣ እኔም ብሆን፣ ከኩሽናሽ አስወጪው። ወተቱን በምትጠጣበት ሰዓት አዘጋጂ፤ የተረፈውን ለኋላ አታቆዪ፣ ድፊው። ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም።

መጀመሪያ ቀን ጎረቤትሽ አጠገብሽ ትቁም፤ ነገር ግን አትርዳሽ። ሕፃኗ ስትጠጣ ፊትሽን ታያለች፤ እጅሽ ቢንቀጠቀጥም ለሷ ምኗም አይደለም።

በኔ ላይ ያለሽ ቁጣ ትክክል ነው፤ አርባ አንድ ዓመት የቆየ ቁጣ በአንድ ደብዳቤ እንዲወጣ አልጠብቅም። ጻፊልኝ፤ ርዝመቱ ምንም ያህል ይሁን ሁሉንም አነበዋለሁ፤ ብትፈቅጂም መጥቼ ፊት ለፊት እሰማዋለሁ። ግን በቅደም ተከተል ይሁን። በመጀመሪያ ልጅቷን አጠጪ። እኔን መስደቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጤናሽን እመኝልሻለሁ፤ ብትፈቅጂልኝ፣

እትዬሽ